የሁለት ፊደላት አጣሪ ኮሚቴ

የታሪክን ጨለማ በሁለት ፊደል የሚያበራ ኮሚቴ ለሁሉም ቤተሰብ አይሰጥም፤ ለእኛ ተሰጥቶናል። ክቡር ሰብሳቢው አጎቴ፣ የቀድሞው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ አንቱ እላቸዋለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ፤ ቢሮአችን ደግሞ የአጎቴ ሳሎን።

ጉዳዩ የተነሳው በቤተሰባችን የመቃብር ስፍራ አንድ ቦታ ብቻ በመቅረቱ ነው፤ እሱም ከአያቴ ጎን። አያቴን ዘጠኝ ዓመት አገላብጣ ያስታመመችው አክስቴ፣ "ስሞት ከእማዬ ጎን አድርጉኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም" ብላ ነበር። አጎቴም ቦታውን ይፈልጉታል። ሁለቱ መንታ ናቸው። ይህን ያህል ከባድ ጉዳይ በስሜት መወሰን ስለማይገባ፣ አጎቴ የቆየውን የልደት መዝገባችንን ቅጂ አስወጡ።

ከአጎቴ እስከ እኔ፣ በአስራ አንዳችን ስም ትይዩ "ግ.አ." ተጽፏል። በአክስቴ ስም ትይዩ ብቻ "ቅ.ተ." ይላል።

ኮሚቴው አምስት ሳምንት ተመራመረ። አጎቴ አጉሊ መነጽር ገዙ። በስድስተኛው ሳምንት ምስጢሩ ተፈታ፦ ግ.አ. ማለት "ግንዳዊ አባል" ነው፤ ቅ.ተ. ደግሞ "ቅጥያዊ ተጠጊ"። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም፤ ግንድ መሆን ማን ይጠላል? እኔ ራሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትከሻዬ ሰፋ ብሎኛል።

"በአንድ ማህፀን አብረን ተኝተን፣ እኔ እንዴት ተጠጊ ሆንኩ?" አለች አክስቴ።

"እኔ አይደለሁም ያልኩት እህቴ፤ ሰነዱ ነው" አሉ አጎቴ በሐዘኔታ።

"እግርህን ሆዴ ላይ ጭነህ የተወለድክ አንተ ነህ እኮ!"

"ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ።"

አልያዝኩትም።

በዚያው ዕለት መተዳደሪያ ደንብ ጸደቀ። አንቀጽ ሦስት፦ "ቀሪው ቦታ የግ.አ. ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ በማንም፣ መቼም፣ በምንም ምክንያት አይሻሻልም።" አጎቴ ሳይውሉ ሳያድሩ እብነ በረድ ላይ "ግ.አ." የሚል በወርቅ ቀለም አስቀርጸው ቦታው ላይ አስተከሉ። አክስቴ ድንጋዩን ስታይ እናቷ መቃብር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ግንዱ እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ አክስቴ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አስከትላ ስብሰባው ላይ ከች አለች። የመዝገብ ቤቱ የድሮ ጸሐፊ ናቸው። ቅጂውን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

"አይ የእጅ ጽሑፌ! እንዴት ያምር ነበር!"

"ግ.አ. ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱልን አባቴ" አሉ አጎቴ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"እኔ ነኛ! የስሜና ያባቴ ስም መነሻ። የመዘገበ ሰው ከጎኑ ይፈርም ነበር።"

"ቅ.ተ.ስ?"

"ባልደረባዬ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት በኋላ እሱ። አባታችሁ መንታ ሊያስመዘግቡ መጡ፤ ወንዱን ጽፌ ስጨርስ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ወጣሁ።"

አጎቴ አጉሊ መነጽሩን ኪሳቸው ከተቱ።

"እንግዲህ... ደንቡን እናሻሽላለን።"

"አንቀጽ ሦስትን እስቲ አንብበው የኔ ልጅ" አለችኝ አክስቴ።

አነበብኩ፤ ጮክ ብዬ።

"ታዲያ ቦታው የኔ ነው ማለት ነው?" አሉ ሽማግሌው። "ድንጋዩስ?"

"ተቀርጾልዎታል፤ በወርቅ ቀለም" አለች አክስቴ።

ሽማግሌው ወረቀት አስመጥተው ቦታውን ለአክስቴ አስተላለፉ፤ ከታችም እንደ ጥንቱ ግ.አ. ብለው ፈረሙ። ያንን ግን በቃለ ጉባኤ ያዝኩት።

ኮሚቴው ፈርሷል፤ አጎቴንም እንደ ድሮው አንተ እለዋለሁ። በማግስቱ፣ በቅጥያዊ ተጠጊነት ከጎኗ ጥቂት ቦታ እንድታካፍለው ለአክስቴ ማመልከቻ ይዞ ሄዶ ነበር። ከምሳ በኋላ ይምጣ ብላለች።