ከኋላው ረድፍ ይሰማል?

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ አምፖል ካርቶን ላይ ከሚነበበው የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው የሠራተኞች መጽሔት አዘጋጇ «ስለ አንድ የማይረሳ ሰው ጻፍ፣ ሁሉም ጽፏል፣ አንተ ብቻ ቀረህ» እያለች ሦስት ጊዜ ስለመጣችብኝ ነው። ፊደል ሲጠፋኝ አጠገቡ ያለውን ቀላል ቃል ወስጃለሁ። ስለዚህ ሰዎቹ አንዳንድ ቦታ ላይ ከሆኑት በላይ ቀላል መስለው ቢታዩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ከግማሽ መንገድ ተመልሶ እጀታውን የሚጎትት ሰው በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተሰቡ አንድ አለ። ያ ሰው ባይኖር የዓለም በር ሁሉ ክፍቱን ያድር ነበር። በመኖሩ ደግሞ ማንም በጊዜ ቤቱ አይገባም። እኛ ትምህርት ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት መምህርት ኦውያንግ ናቸው፤ የአርባ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች እመቤት፣ የሦስት ሕንጻዎች ጸጥታ አስከባሪ።

ሥራቸው የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲነገር ሰምተው፣ ሲጻፍ አንብበው ምን ያህል እንደሚገባቸው መመዘን ነው። ሰኔ ላይ ባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የማዳመጡ ክፍል ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ከድምፅ ማጉያው ይወርዳል፣ ያልቃል፣ አይመለስም። መምህርቷ ለዚያች ሃያ ደቂቃ ዓመቱን ሙሉ ይሰናዳሉ።

የተዋወቅነው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ እኔ አንድ ክፍል ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው።

«ሺዮንግ፣ ና ውረድ። እዚያ ጥግ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ በል።»

ወረድኩ፣ ተቀመጥኩ። ከማጉያው የሰው ድምፅ መጣ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል፣ መምህርት።»

«ይሰማል? ወይስ የሚሰማ ይመስልሃል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አንገቴን ደፍቼ «እንግሊዝኛ እኮ አላውቅም» አልኳቸው።

«ለዚህ እኮ ነው አንተን የመረጥኩህ። የሚያውቅ ሰው ያመለጠውን ከራሱ ይሞላል። አንተ ከራስህ የምትሞላው የለህም።»

ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ማታ ባለቤቴን ብጠይቃት «ሁለቱንም ነው፣ በል እራትህን ብላ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ አርባ ሁለቱም ክፍል መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። እሳቸው ድምፁ ለሁሉም ክፍል ከሚለቀቅበት ቀረጻ ክፍል ሆነው ካሴቱን ያጫውታሉ፤ እኔ በእጅ ሬዲዮ «ይሰማል» እላለሁ፤ እሳቸው «ወይስ የሚሰማ ይመስልሃል?» ይላሉ፤ እኔ እንደገና አዳምጣለሁ። በአገሩ ውስጥ እንደ እኔ ብዙ የእንግሊዝኛ ፈተና ያዳመጠ ያልተማረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁልጊዜ የሚያወሩት አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ናቸው። እሱ ይጨነቃል፣ እሷ ታረጋጋዋለች። አንድ ቀን ደፈርኩና «መምህርት፣ ባልና ሚስት ናቸው?» አልኳቸው።

«እነማን?»

ወደ ማጉያው ጠቆምኩ።

ቀና ብለው ማጉያውን አዩ። «ሠላሳ ዓመት ሰምቻቸዋለሁ። እሱ ባቡር ያመልጠዋል፣ እሷ ዣንጥላ ትረሳለች። ስለ ጋብቻቸው ግን በፈተና ተጠይቆ አያውቅም።»

የጸጥታውን ነገር ልንገራችሁ። ከአጥራችን ውጭ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ በጋሪው ላይ ባሰራት ማጉያ የራሱን ድምፅ ቀርጾ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኻል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበዋል። መምህርት ኦውያንግ ግን እጁን ይዘው ወደ ቀረጻ ክፍል አስገቡትና የፈተናውን ካሴት ከፈቱለት። «ይህን ነው የምትሸፍንብኝ» አሉት። ሰውዬው ጆሮውን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ሴትዮዋ ጥሩ ድምፅ አላት» አለ። «ግን የምትሸጠው ምንድን ነው?» ከዚያ ቀን በኋላ በፈተና ሰዓት ማጉያውን ያጠፋል። የሙያ ባልደረባ አክብሮ መሆን አለበት።

አንድ ዓመት ደግሞ ፈተናው ከሠርግ ጋር ገጠመ። ሙሽራው ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ሙሽሪት ስትገባ ርችት ሊተኮስ ነው። መምህርቷ አንድ ቅርጫት እንቁላል ይዘው ርችቱን እንዲያዘገዩላቸው ሊለምኑ ሄዱ፤ እኔም ቅርጫቱን ተሸክሜ ከኋላ። ሙሽራው የድሮ ተማሪያቸው ሆኖ ተገኘ።

«መምህርት፣ እኔ እኮ በማዳመጥ ከሠላሳ ነጥብ ዘጠኝ ነው ያገኘሁት» አለ፣ ሱፉን እየሳበ። «ያኔ ለእኔ ማን ርችት አስቆመልኝ? ምንም አልሰማሁም ነበር።»

«ሰምተሃል» አሉት ፊታቸው ሳይለወጥ። «ሦስተኛ ረድፍ፣ ማጉያው ሥር ነበርክ። ተኝተህ ነው።»

እናቱ ሳቀች፣ ሙሽራውም ሳቀ፤ ርችቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየ። ሙሽሪት መኪና ውስጥ ሆና ጠበቀች። ስለ ማዳመጥ ፈተና ያላትን አስተያየት አልጠየቅናትም።

ንባቡም ከዚህ አይሻልም። ለተማሪ የሚሰጡትን እያንዳንዱን ጽሑፍ አስቀድመው ራሳቸው ይፈተኑበታል፣ ያውም በዚያው ሰዓትና በዚያው ወንበር። አንድ ጊዜ ግን ከምሳ በኋላ የተፈተኑበትን፣ ስለ ዳክዬ ጥብስ የሚያወራ ጽሑፍ ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ሰጡ፤ የክፍሉ ውጤት በአራት ነጥብ ወረደ። ሌላ መምህር ልጆቹን ይቆጣ ነበር። እሳቸው በማግስቱ ምሳ ሳይበሉ ያንኑ ጽሑፍ አነበቡና እሳቸውም ሁለት ጥያቄ ሳቱ። «ይሄ የለካው እንግሊዝኛቸውን አይደለም፣ ሆዳቸውን ነው» ብለው የሁሉንም ውጤት ሰረዙ። ምክትል ርዕሰ መምህር ጂያንግ ለሦስት ቀን አላናገሯቸውም።

እንግዲህ ዘንድሮ መጋቢት ላይ የደረሰውን ነው መጻፍ የፈለግኩት። ከዚህ በፊት ያለው እጄ እስኪሟሟቅ ነበር።

የመጋቢቱ ሙከራ ፈተና ስድስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ደቂቃ የሚጀምሩት፣ ደረጃም የሚወጣበት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቀረጻው ከተጀመረ አይቆምም። ቦታዬ ሁለተኛ ፎቅ፣ የአሥራ አራት ቁጥር ክፍል የኋላ በር ጀርባ ነበር። ሰውዬውና ሴትዮዋ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ሦስተኛው ንግግር ላይ ድምፁ ተለወጠ። አልጠፋም፤ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ዓይነት ሆነ። በመስኮቱ አየሁ። ፈታኙ ፊት ለፊት፣ ማጉያው አጠገብ ቆሟል፤ እሱ ምንም አላስተዋለም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ፔንግ ዪንሁዋ የምትባል ልጅ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አጠገቧ ያለውም ቀና አለ። ግን እጁን ያነሳ የለም። በእኛ ዘንድ በፈተና መሃል እጅ የሚያነሳ ልጅ የለም፤ የሌላውን ሃያ ደቂቃ ከማበላሸት የራሱን ማጣት ይመርጣል።

ሬዲዮውን ተጫንኩ። «አሥራ አራት ቁጥር። ከኋላ አይሰማም።»

ያችን ጥያቄያቸውን ጠበቅሁ። አልመጣችም። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሦስቱም ሕንጻ ጸጥ አለ። በሁለት ሺህ ወረቀት ላይ ሁለት ሺህ እርሳስ ቆመ። መምህርት ኦውያንግ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ትርፍ የባትሪ ቴፕ አቅፈው ደረጃውን ሲሮጡ አየሁ።

ቀረጻው በመሃል ስለቆመ የትምህርት ቤታችን ውጤት ሳይቆጠር ቀረ። ስለዚህም ከስድስቱ ትምህርት ቤቶች ስድስተኛ ሆንን። ወላጆች በር ላይ ተሰበሰቡ። በሳምንቱ ከበላይ ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዲት ሰብሳቢ ሴት፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ዌይ የሚባል ወጣት የእንግሊዝኛ ተቆጣጣሪ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ መምህርት ኦውያንግ ቀረጻ ክፍሉን ለሌላ ያስረክቡ ወይስ የሰኔውን ፈተና ያጫውቱ? ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ካስረከቡ ሠላሳ ዓመት የሠሩት «ፈተና ያቋረጠችው» በሚል ይዘጋል።

ማጉያው እነሱ እስኪመጡ እንዳይነካ ታዝዞ ነበር፤ ዌይ አሥራ አራት ቁጥር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ያው ቀረጻ ተከፈተ። እግሩን አነባብሮ ሰማና «ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ።

ጂያንግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግድግዳው ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

ሰብሳቢዋ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «እርስዎ አንድ ብሎን ሦስት ጊዜ ያስፈትሻሉ አሉ። ያን ቀን ግን አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንዴ ስለተናገረ ብቻ ፈተና አቆሙ። ለምን አላጣሩም?»

«አጣርቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ» አሉ መምህርት ኦውያንግ። «የሚሰማውን ይሰማል ይላል። የማይሰማውን አይሰማም ይላል። ትምህርት ቤቱ እንደሱ ያለ ሌላ መሣሪያ የለውም።»

መሣሪያ ነው ያሉኝ። ስለ እኔ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር የተናገረ ሰው የለም። አፌ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ተከፈተ።

«እሱ... ተቆጣጣሪው የሰማው ስለሚያውቀው ነው።»

«ምን አልክ? ጮክ በል» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ፈተናውን አርሞታል። በቃሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ነገር ይነበብለት።»

«ምን ዓይነት?» አለ ዌይ፣ ፈገግ እያለ።

ኪሴ ውስጥ የማደሪያ ክፍሎቹ ቁልፎች ዝርዝር ነበር፤ ሃያ ቁጥር፣ ቅደም ተከተል የለውም። አወጣሁት። «ያንብበው» አሉ ሰብሳቢዋ። «ማን?» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ አንዱን ክፍል ለይቶ የሚከፍት ማብሪያ የለም። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮፎን ስናገር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰማኝ። «ሦስት መቶ አሥራ ሰባት» አልኩ። «ሁለት መቶ ስድስት። አራት መቶ ዘጠና።» ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች «ሺዮንግ ነው! ምን ሆኖ ነው?» ብለው ወደ ግቢ መውጣታቸውን በኋላ ነገሩኝ።

ሰብሳቢዋ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰሙትን ሃያውንም ቁጥር በትክክል ጽፈዋል። ዌይ ከኋላ ሰባት ብቻ አገኘ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ማጉያውን አወረድኩና ከፈትኩት፤ ውስጡ ያለው፣ ድምፁን የሚያወጣው የወረቀት ቆብ ግማሽ ድረስ ተቀዷል። ከሥሩ ላለ ሰው ይጮኻል፤ ከኋላ ላለ ሰው ያጉረመርማል።

ለመምህርት ኦውያንግ ሕግ ስለጣሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ቀረጻ ክፍሉም እስከ ጡረታቸው በእጃቸው እንዲቆይ ተወሰነ። የትምህርት ቤቱ ውጤት እንዳልተቆጠረ ቀረ። ሰዎቹ ሲሄዱ መምህርቷ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ መሬት መሬቱን እያየሁ ቆምኩ።

«ከሃያው፣ አሥራ አራተኛውን ቁጥር ስታነብ ቸኮልክ» አሉኝ።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ የጋራ ስፖርት በፊት፣ አሥራ አራት ቁጥር መጨረሻው ረድፍ ላይ የነበሩትን ስምንት ልጆች ጠሯቸው። ልጆቹ ትኩስ የእንፋሎት ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ መጡ። በአዲሱ ማጉያ ሙሉ ፈተናውን ከመጀመሪያው አጫወቱላቸው። ጂያንግ በር ላይ ቆመው «መምህርት፣ ይሄ እኮ የትም አይመዘገብም» አሉ። እሳቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ቀረጻው እየሄደ ነበር።

ፔንግ ዪንሁዋ ከሃያው ጥያቄ አሥራ አራቱን መለሰች። መምህርት ኦውያንግ የሳተቻቸውን ስድስት በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ከበቡና ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«እነዚህ የራስሽ ናቸው፣ የማጉያው አይደሉም» አሏት።

ልጅቷ ቀዮቹን ክቦች ቆጠረች፤ ከዚያም ዳቦዋን አፏ ውስጥ ከትታ፣ እየሳቀች ወደ ስፖርቱ ሮጠች።