ጋሼ ወንፊት እና ያልቆመው ቆጣሪ

መጀመሪያ ያየሁት የጋሼን ከንፈር ነው። ኮድ ሲያነቡ ይንቀሳቀሳል። መስመር ሲያልቅ ይተነፍሳሉ፤ ቅንፍ ሲከፈት ቅንድባቸው ይነሣል፤ ቅንፉ እስኪዘጋም አይወርድም። ግጥም እንኳ እንዲህ ሲነበብ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው የሠራውን ካላበጠረ ምሳ የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ የባልደረባ ኮድ ሲመጣልን ላይ ላዩን ቃኝተን «ሸጋ ነው» ብለን እናሳልፋለን፤ እከክልኝ ልከክልህ ነው። ክቡር ጋሼ ግን አያክኩም፣ አይታከኩም። ቢሮው በሙሉ «ወንፊት» ይላቸዋል። ይህን ሲሰሙ «ወንፊትማ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ስድብ ነው» አሉ ይባላል።

የእኔ ዕጣ እሳቸው ላይ ወደቀ። የኮምፒውተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ቆጣሪዎች አሉት፤ አንድ ፕሮግራም ምን ያህል እንዳለፋው ይቆጥራሉ። እነሱን የሚያነበውን፣ ድራይቨር የሚባለውን አነስተኛ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድራይቨሩ የሚገባው ከርነል በሚሉት የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው፤ እዚያ አንዲት ስሕተት ማሽኑን በሙሉ ትጥላለች። ኮዱ ካላለፈ ደግሞ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው።

ላክሁ፤ ተመለሰ። ከኮዱ ጎን «ቆጣሪው እዚህ ትንፋሹን ይሰበስባል» ብዬ ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ከሥሩ «ሳንባ አለው?» የሚል መልስ አገኘሁ። አስተካክዬ ላክሁ፤ ተመለሰ። «ይህን ተለዋዋጭ "ጊዜያዊ" ብለሽዋል። ሁላችንም ጊዜያዊ ነን። ምን እንደያዘ ንገሪኝ።»

በኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ቆጣሪውን ማን ያቆመዋል?»

«ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይቆማል፣ ጋሼ።»

«ሳያልቅ ተራውን ለሌላ ቢለቅስ?»

ወደ ኮዴ ዞሬ መፈለግ ጀመርኩ።

«የውሃ ቆጣሪ አስቢ። አንቺ ቤት የለሽም፤ ጎረቤትሽ ልብሱን ያጥባል፤ በስምሽ ይቆጥራል።»

እውነታቸውን ነበር። ድራይቨሬ የአንዱን ልፋት በሌላው ስም ሲጽፍ ከርሟል። ሁለት መስመር በመርሳት ብቻ ይህን ያህል ግፍ መሥራት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሁለቱን መስመር ጨምሬ መልሼ ላክሁ።

ይህች «ማን ያቆመዋል» ኮድ ላይ ብቻ ብትቀር ምን ነበረበት! አንድ ባልደረባችን የሠርግ ጥሪ ሲሰጣቸው ካርዱን ገልብጠው አዩና «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይላል። ማን ያቆመዋል?» አሉት። ሙሽራው ደንግጦ «እኔ እንጃ ጋሼ፤ አማቴን ልጠይቅ» አለ።

ሥራው የሚረከብበት ቀን ደረሰ። ጋሼ አሁንም የእኔን ኮድ እያነበቡ ነው። አለቃችን መጣና፣ እኔን እንደ ወንበር ቆጥሮ አልፎኝ እሳቸው አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ የዚች ልጅ ኮድ ስንቴ ተመለሰ? ካልቻለች ለሌላ ሰው እንስጠው፤ እሷንም እናሰናብታት።»

ከንፈራቸው ቆመ፤ ቅንድባቸው ተነሣ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ቅንፍ ይዘጋ ዘንድ የጓጓሁበት ቀን የለም።

«ምን አልክ?»

«ማለቴ፣ ይህን ያህል ከተመለሰ...»

«የማይረባ ኮድ መልሼ አውቃለሁ? እሱን አንዴ አንብቤ እጥለዋለሁ። የእሷን የመለስኩት የሚድን ስለሆነ ነው። ያንተን ስንቴ መለስኩልህ?»

አለቃችን አሰበ። «አንዴም።»

«እንግዲህ!»

ጋሼ ወደ ስክሪናቸው ዞረው የቀረችውን መስመር አነበቡና ስማቸውን ከስሜ ሥር አኖሩ። አለፈ። እኔ ግጥም እጽፋለሁ የምለው ሴትዮ፣ ከቃል እንባዬ ቀደመኝ።

«ጋሼ... እንዴት ብዬ...»

«ምን ያስለቅስሻል? ሰኞ ሌላውን ይዘሽ ነይ። ገና መች ተጣላን!»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተነሡ። አለቃችን መንገድ ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ።