የብርቄ ቤት ውሻ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ መጥታችሁ ብታጡኝ አትቀየሙ። ገበያ አይደለሁም፤ ለቅሶም አይደለሁም። ጎረቤቴ ብርቄ ቤት ተቀምጬ ውሻ እያየሁ ነው። ውሻ ስላችሁ የደጁን አይደለም። በቴሌቪዥን የሚመጣውን፣ የልጆቹን፣ ተስሎ የሚንቀሳቀሰውን፣ ቱሹ የሚሉትን ነው። ቢጫ ነው፤ እንደ ድፎ ዳቦ ቡፍ ያለ። አንድ ጆሮው ተጣጥፎ ዓይኑ ላይ ይወድቅበታል። ያን ጆሮውን እፍ ብሎ ሽቅብ ሊያነሳው ሲታገል አንጀቴን ይበላዋል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለውሻ!

ትስቃላችሁ? ሳቁ። እኔ ግን ያን ውሻ ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። በሱ የተነሳ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ የምገባበት ጉድጓድ አጥቼ ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስሜ ስንዱ ነው። ሰው ወሬኛ ይለኛል። ወሬኛ አይደለሁም፤ ዓይን ነው ያለኝ። ዓይን የሰጠ እግዜር፣ እኔ ምን ላድርግ? የማን ዶሮ የት እንደምትጥል፣ ማን አዲስ ነጠላ እንዳወጣች፣ የማን ባል አኩርፎ ሳይበላ እንደወጣ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። የኔንና የብርቄን ግቢ የሚለየው የባሕር ዛፍ አጥር ነው። የጉና ነፋስ ካዘነበለው ወዲህ ቀዳዳው በዝቷል። ቀዳዳውን እኔ አልቀደድኩትም። አልደፈንኩትም እንጂ።

ብርቄ የይፋግ ልጅ ናት። ባሏ ሹፌር ነው፤ እዚህ መጥተው ከገቡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለኔ አይመቸኝም፤ ምን እንደደበቀ አይታወቅማ! ማህሌት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። እሷ ደግሞ የራሷን ጨርሳ የእናቷንም ድርሻ የምታወራ ናት።

አንድ ቀን አጥሩ ሥር ተቀምጬ ገብስ ሳበጥር፣ ማህሌት ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማኋት። ቱሹ አልጋ ላይ ወጥቶ ተኛ አለች። ብርድ ልብስ አለበሱት አለች። ገንፎውን ከእናትየው ሳህን ላፍ አድርጎ በላው፣ አፍንጫው ሁሉ ቅቤ በቅቤ ሆነ፣ ስንስቅ ስንስቅ አለች። ሰፌዱ እጄ ላይ ቆመ።

«ማህሌትዬ፣ ቱሹ ማነው?» አልኳት በቀዳዳው።

«ውሻችን ነዋ፣ እትዬ ስንዱ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በኛ አገር ውሻ ደጅ ነው። ደጅ ይበላል፣ ደጅ ይጮኻል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎተራ ሥር ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የረገጠ እንደሆነ ድንጋይ ይዞ የማይነሳበት የለም። አልጋ ላይ? ከሰው ሳህን? ከዚያ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ ብርቄ ግቢ ውስጥ ውሻ አይቼ አላውቅም። እኔ ያላየሁት ውሻ! እንግዲያው ደብቀውታል አልኩ። ከደበቁት ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጆሮዬን ጣል ባደርግ ከጓዳቸው «ው! ው!» ይላል። አለቀ። ዳኛም ቢሆን ከዚህ በላይ ምስክር አይቆጥርም።

ማንኳኳት ነበረብኝ፣ አይደል? «ብርቄ፣ ውሻ አመጣችሁ እንዴ?» ማለት ነበረብኝ። አራት እርምጃ ነው። እኔ ግን አርባ እርምጃ ሄጄ ዝማም ቤት ገባሁ።

ዝማም ምሥጢር ትይዛለች። ማለቴ፣ ከቤቷ እስክትወጣ ድረስ ትይዛለች። «ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ማርያምን!» አልኳት። «ምን በወጣኝ!» አለችኝ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ጨመረችበት። እኔ አልጋ ላይ ተኛ አልኩ፤ እሷ የብርቄን ነጠላ ለብሶ ተኛ አለች። ሌላዋ ሊጥ ሲልስ ታየ አለች። በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ተሰልፌ የራሴን ወሬ ለራሴ ሲነግሩኝ፣ ውሻው ሁለት ሆኖ ነበር። «ይገርማል» ብዬ ሰማሁ። አንድ ነው እንኳ አላልኩም። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር።

የከፋው ምን መሰላችሁ? የማርያም ማኅበራችን ተራ የብርቄ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ እንሰበሰባለን። ባለተራዋ ዳቦ ጋግራ ጠላ ጠምቃ ታበላለች፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ሲያበቃ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። ብርቄ ማኅበር ከገባች የመጀመሪያ ተራዋ ነው። ለአገሩ ልጅ ይህ ምንም አይደል። ለመጤ ግን ፈተና ነው። ያን ቀን ዳቦዋ ከተበላላት የኛ ሰው ሆነች፤ ካልተበላላት እንደ እንግዳ ኖራ እንደ እንግዳ ትሄዳለች። ሁላችን እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ብቅል ስታሰጣ፣ እንስራ ስታጥን በቀዳዳው አይቻታለሁ። ጽዋውን ከእጇ የምትቀበለው ተረኛስ ማን ነበረች? እኔ።

ሃያ አንድ ደረሰ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ቄሱ ባረኩ፤ ድፎው ተቆረሰ፤ ታደለ። አንዲትም ሴት አልጎረሰችም። የማርያም ጠበል ጸዲቅ ደግሞ እንዴት እንቢ ይባላል? ብንበላ ውሻው፣ ባንበላ ማርያም! መሃል ላይ ቀረን። አንዷ ጨጓራዬ አለች። አንዷ ለልጆቼ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ዝማም ሱባዔ ይዣለሁ አለች፤ ያን ዕለት ጠዋት እቤቷ አብረን ፍትፍት በልተናል። ጠላው ከንፈር እየነካ ይመለሳል። የሚበሉት ቄሱ ብቻ ናቸው፤ ለሳቸው ማን ደፍሮ ነግሯቸው! ሦስተኛውን ቁራሽ ሲያነሱ ሁላችንም ጉሮሯቸውን ነው የምናየው።

«ምነው ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ዳቦ እየተተወ?» ይላሉ።

ብርቄ ትዞራለች። በሞቴ ትላለች። አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ ትላለች። የማንም እጅ አይዘረጋም። መጨረሻ ወደኔ መጣችና ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እትዬ ስንዱ፣ እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠላዬ ሆምጥጧል?» አለችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ሴት መርጣ እኔን! እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ ደህና ነው ልጄ» አልኩ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ እትዬ ደብሬ ናቸው። ከዘራ የሚይዙ ትልቅ ሴት። «ጽዋው ይነሳ» አሉ። ብርቄ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። መነሳት አለብኝ። ካልተቀበልኳት ከማኅበሩ አወጣኋት ማለት ነው። ከተቀበልኳትስ፣ ያ ሁሉ ያወራሁት? ሴቱ ሁሉ እኔን ያያል። እጄ ነጠላዬ ውስጥ ቀረ።

በዚህ መሃል መብራት መጣ።

መምጣቱን ያወቅነው ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ «ው! ው! ው!» ሲል ነው። ቤቱ ተገለባበጠ። ዝማም «ይኸውላችሁ!» ብላ በርጩማ ላይ ወጣች። ጨጓራዬ ያለችው ሴትዮ የተረፈውን ድፎ አቅፋ ተነሳች፤ ያልበላችውን ድፎ ከውሻ ልታድን! እትዬ ደብሬ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ «ቆዩ፣ እኔ አወጣላችኋለሁ!» ብለው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጥቂት ቆይተው «ስንዱ» ሲሉ ሰማሁ። «ነይ እስቲ።»

ገባሁ። ምን ገባሁ፣ እግሬ ተጎተተ እንጂ። የብርቄ ባል ከባሕር ዳር ያመጣው ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሯል። ማህሌት ፊቱ ተንበርክካለች። ውስጡ አንድ ቢጫ ውሻ ባርኔጣ አድርጎ አልጋ ላይ ይዘላል።

«እትዬ ስንዱ፣ ቱሹ ይሄ ነው! ያን ቀን የነገርኩዎት!» አለች፣ ደስ ብሏት፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ።

ያን ቀን የነገርኩዎት። የሴቱ ራስ ሁሉ በመጋረጃው ገብቶ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ እኔን ያያል። ቄሱ ቁራሻቸውን እንደያዙ መጥተው ምንድነው ነገሩ አሉ። ዝማም ከበርጩማው ሳትወርድ፣ «ስንዱ ናት እኮ ያለችን! ብርቄ ውሻ ከሳህኗ ታበላለች፣ አልጋ ላይ ታስተኛለች ብላ!» አለች። ነጠላ የለበሰውን ውሻ ማን እንደጨመረው እሷ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁ። በምን አፌ?

ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ብርቄ አልተሳደበችም። ጽዋውን እንደያዘች፣ «ጠይቀውኝ ቢሆን አሳይዎት ነበር» አለች። ይኸው ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ጨው ሲያልቅብኝ የምሄደው ወደማን ነው? ባለፈው ክረምት ብርድ ሲጥለኝ አጥሚት ይዛልኝ የመጣችው ማን ናት? ውሻ በበላበት ለባለቤቱ ይጮኻል፤ እኔ በበላሁበት ነከስኩ።

ጽዋውን ተቀበልኩ። እትዬ ደብሬ ከሥር ደገፉልኝና «ደግሞ እንዳትጥይው» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ዳቦ ቆረሱ። ሁሉም ቆረሰ። የጨጓራዋም፣ የሱባዔዋም። ጠላው እስከ አተላው አለቀ። ለኔ ብቻ አልዋጥልኝ አለ።

ቄሱ የንስሐ አባቴም ናቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ሄድኩ። አላዘዙኝም። «ወሬው በገባበት ደጅ ሁሉ እውነቱን ይዘሽ ግቢ» አሉኝ። ስግደት በተሻለኝ! ወሬው በሦስት ቀን ያዳረሰውን መንደር እኔ ሦስት ሳምንት ዞርኩት። ወሬ በራሷ እግር ትሄዳለች፤ እውነትን አዝሎ ነው የሚዞሩት። ስነግራቸው «እንዲያ ነው?» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነዋ! ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት የይፋግ ሴት ድንች እየሸጠችልኝ፣ «እዚህ ከውሻ ጋር የምትበላ የኛ አገር ሴት አለች አሉ፤ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

«ውሸት ነው። ጎረቤቷ ናት ያስወራችባት» አልኳት።

«ምን ያለችው ክፉ ብትሆን ናት!»

«የማትረባ ናት» አልኩ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ይህችን ለቄሱ ገና አልነገርኳቸውም።

በወሩ የኔ ተራ ደረሰ። ብርቄ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ጠላ ቀዳችልኝ። ዳቦው ሲታደል የመጀመሪያዋን ጉርሻ የጎረሰች እሷ ናት፤ አላምጣ አላምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ዋጠችው። ከጥፊ ይብሳል። ሲወጡ ማህሌት ቀሚሴን ይዛ፣ «እትዬ ስንዱ፣ ነገ ቱሹ ገላውን ይታጠባል፤ መጥተው አያዩም?» አለችኝ። እናቷን አየኋት።

«ይምጡ» አለች ብርቄ። «በበሩ ታዲያ።»

ይኸው በበሩ እሄዳለሁ። ቱሹን ሳየው ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ባላየው ነገር አይጮህም። በየቀኑ አንድ ጥፋት ያጠፋል፣ ያፍራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ መዝጊያው ዘፈን ሳይጀምር ተምሮ ይጨርሳል። ምን ያለ ፈጣን ውሻ ነው!

ትናንት ቁጭ ብለን ስናየው ዝማም መጣች። ሳትቀመጥ፣ «ሰማሽልኝ የዚያችን የሙሽራዪቱን ነገር?» አለች። ቆፍጠን አልኩባት።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«ኧረ አላየሁም፤ ሲያወሩ ነው።»

«እንግዲያው ሳታይ አታውሪ! ሂጂና በዓይንሽ እይ!»

ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌ ቀደመኝ።

«አይተሽ ስትመለሺ ታዲያ፣ ለሌላ ሳትነግሪ መጀመሪያ ወደኔ!»

ብርቄ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። ማህሌት ሳቀች፤ በኔ ይሁን በውሻው እንጃ። ቱሹ የዕለቱን ተምሮ ጨርሶ፣ ጆሮውን እፍ እያለ አልጋው ላይ እየወጣ ነበር። ብርድ ልብሱን አለበሱት። ይተኛ። ለሱ ይገባዋል።