ጋሽ አራጌ እንዳይታሽ የከለከሉት እግር

ወጌሻ የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ወደ ወጌሻ የሚልክ ሰው የሌለው ሰፈር ግን የለም። በእኛ በቆቦ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጎረቤቴ ጋሽ አራጌ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ማንንም አሽተው አያውቁም። የእሳቸው ሥራ መወሰን ነው፤ ማን በቅቤ ይታሽ፣ ማን በዘይት፣ ማን ዋግምት ይታገም።

«ዝም ብሎ መታሸት የለም!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ሆድ ባዶ፣ ገላ የታጠበ! ከታሹ በኋላ ደግሞ ንፋስ የለም!»

የባጃጅ ሹፌሩን አንዷለምን አንገቱን ቢይዘው፣ በዚያ በቆቦ ሙቀት ሦስት ቀን ሙሉ በጋቢ ተጠቅልሎ እንዲነዳ ፈረዱበት። ተሳፋሪው ሐዘን የደረሰበት እየመሰለው «እግዜር ያጥናህ» ብሎት ይወርድ ነበር። ወይዘሮ ደመቀችንም ወገቧን እንዴት እንደሚያማት ሲጠይቋት፣ ሲጠይቋት፣ ሕመሙ ራሱ ሰልችቶት ሄደ።

ባለፈው ሰኔ ተራው የእኔ ሆነ። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተኮራምቼ በመጣሁ በማግስቱ የግራ ባቴ አበጠ። ስረግጥ ያመኛል፤ ስነካው ይሞቃል። ጎረቤት ከተማችን ዋጃ ካለ አንድ ወጌሻ ቀጠሮ ያዝኩና፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ጋሽ አራጌ ዘንድ ቀረብኩ። ቁርስ አልበላሁም፣ ገላዬን ታጥቤያለሁ፣ ቅቤም ይዣለሁ። የቀረኝ የእሳቸው ፈቃድ ብቻ ነበር።

ሱሪዬን ሰብስበው ሁለቱን ባቶቼን አስተያዩ። የእጃቸውን ጀርባ በግራው ላይ አሳረፉና ወደ ቀኙ ወሰዱት፤ እንደገና ወደ ግራው መለሱት። ያመጣሁትን ቅቤ ዞር ብለውም አላዩት።

«ምነው ጋሼ?»

«ትንፋሽህስ እንዴት ነው?»

«ከትናንት ወዲህ… ትንሽ ያጥረኛል።»

ብድግ አሉ። «ማንም እንዳይነካው! ወጌሻም፣ አንተም! ሆስፒታል ነው የምንሄደው!»

«ቀጠሮ አለኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«ይጠብቅሃ!»

የአንዷለም ባጃጅ ውስጥ እግሬን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ በል አንተ!» እያሉ ይጮሁበት ነበር። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል። የእሳቸውን ፊት ባየሁ ቁጥር ትንፋሼ ይበልጥ ያጥረኝ ነበር።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየችው። ደም ሥሬ ውስጥ ደም ረግቷል። «ተነቅሎ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው የምንፈራው» አለች። «እንኳን አልታሸህ!» አምስት ቀን ተኝቼ መድኃኒት ወሰድኩ።

ቤቴ ስገባ ጋሽ አራጌ ሊጠይቁኝ መጡ። ለፉከራቸው ተዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን አዩ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ምኑን አውቄ ልጄ? ስነካው ፈራሁ። ይኸው ነው።»

አሉና፣ የተቀመጡበትን በርጩማ አንስተው እግሬን ከፍ አድርገው አሳረፉበት። ቤቱ ውስጥ ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ እስኪመሽ ድረስ ቆመው አጫወቱኝ።