ክቡር ከሳሽ ጋሽ ይኸነው

በየሰፈሩ ራሱን የሚከስ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ቢዘገይ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ቢበዛም የሱ ነው። ለእኛ ለአዲስ ቅዳም ከተማ ሰዎች የደረሱን ጋሽ ይኸነው ናቸው። ከሳሹም ተከሳሹም እሳቸው፤ ዳኛውም እሳቸው ስለሆኑ ይግባኝ የለም።

ባጃጅ ጭቃ ቢረጫቸው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እዚህ ምን አቆመኝ?" ይላሉ። ሚስታቸው እትዬ ፀጋነሽ ወጡ ላይ ጨው ቢያበዙ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳወራት ነው።" እኔ ደግሞ ጥፋት ሲገኝ ጎረቤት የምፈልግ ሰው ነኝና ጉርብትናቸው ተስማምቶኝ ኖሬአለሁ። በሬዬ አጥራቸውን ሰብሮ ጎመናቸውን የበላ ጊዜ፣ አጥሩን ባለማጥበቃቸው ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ይቅር አልኳቸው።

ቀልዱ ያበቃው በከሰል ነው። አምና ከሰል ሊያከስሉ እንጨት ከምረው፣ በሣርና በአፈር ሸፍነው ለኮሱና ሲጠብቁ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። አፈሩ ተሰነጠቀ፣ ነፋስ ገባ፣ ስንት ዓመት ያሳደጉት ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ፣ "እሳት በአደራ የሚሰጠኝ ሰው አይደለሁም" ብለው ክብሪት መንካት ተዉ። ዘንድሮ እትዬ ፀጋነሽ እንጨቱን አስቆርጠው፣ አስከምረው፣ አፈር አስለብሰው ጨረሱ። ጋሽ ይኸነው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ክምሩን ዞረው ከማየት በቀር አልለኩስም አሉ። ክረምቱ ደርሷል። እንጨቱ ከበሰበሰ ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም።

በዚህ መሃል የጎረቤታችን የዘውድነሽ ክምር እንደዚያው ነፋስ ገብቶበት አመድ ሆነ። ጋሽ ይኸነው ሮጠው ደረሱ።

"ምን አጠፋሽ ልጄ? ሰው አይደለሽ? ስንት ቀን ሙሉ ዓይን ሳይከደን ይቻላል? በይ ተነሽ፣ እኔ አለሁልሽ!"

ዘውድነሽ እንባዋን ጠረገችና፣ "ጋሼ፣ ይህቺን ቃል ለእርስዎስ ማን ይንገርዎት?" አለቻቸው።

 በማግስቱ ጋሽ ይኸነው ክብሪት ፍለጋ እኔ ቤት መጡ። ሄደውም ክምሩን ለኮሱ። በሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዓይናቸው ሲከደን አየሁና አንጀቴን በሉት።

"ይተኙ ጋሼ፣ እኔ እጠብቃለሁ።"

እሺ ብለው ተኙ። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

የነቃሁት በጩኸታቸው ነው። በአንድ ጎን አፈሩ ተሰንጥቆ ነበልባል ወጥቷል። ጋሽ ይኸነው አካፋ ይዘው አፈር እየመለሱ አፈኑት፤ ጥቂት እንጨት ብቻ ተቃጠለ። ላባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። ያቺን የለመድኳትን ቃል ጠበቅሁ።

"ጥፋቱ ያንተ ነው!" አሉኝ።

እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ተወቅሼ አላውቅም።