ለሞት የማይመታ ቸርኬ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ማክሰኞ ይመስለኛል፤ ሐሙስ ነበር የሚለኝ ካለ አልከራከርም። እንግዶቹም አራት ይሁኑ አምስት ረስቻለሁ። የሆነውን ግን አልረሳሁም፤ ጥፋቱ የወጣው ከእኔው ትንፋሽ ነውና።

መቼም ለሞት በመዘጋጀት እኛን የሚያክል የለም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በእድር ቤት ተቆልፎ ይጠብቀናል። ለመትረፍስ? ለመትረፍ እግዜር ያውቃል እንላለን።

እኔ በቀጨኔ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት እየዞርኩ እነፋለሁ። እንግዶቹ ደግሞ ከሱዳን፣ ከኬንያና ከጅቡቲ የመጡ፣ ጎርፍ ሳይመጣ ስለሚደረገው ነገር አብረው የሚመክሩ ሰዎች ናቸው። ሰፈራችን ወንዝ ዳር ስለሆነ ልምምድ እናሳያቸው ተባለ። ኮሚቴያችን ተሰብስቦ ወሰነ፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ሽቅብ ወደ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ይወጣል። ለሰፈሩ ሰው ተነገረ፤ ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ስጉ ሰው ስለሆንኩ ሦስት ጊዜ ደግሜ ነገርኳቸው።

ነፋሁ።

ምን ይሆናል? ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለው የወይዘሮ በላይነሽ ቤት ነው፤ እናቷ እማማ ደስታ ከአልጋ ከዋሉ ዓመታት አልፈዋል። ጥሩምባ ሲሰማ የሁሉም ልብ እሳቸው ላይ ነው ያረፈው። አንዳንዱ ከመንገድ ጀምሮ ያለቅሳል።

በላይነሽ ጭልፋ እንደያዘች ወጣች። «እናቴ ምሳዋን እየበላች ነው፤ ማንን ልታለቅሱ መጣችሁ?»

እማማ ደስታ ከውስጥ፣ «ደግሞ ማን ቀደመኝ?» አሉ።

የእድሩ ዳኛ በእንግዶቹ ፊት አፈረ። «ተነግሯችሁ አልነበረም?»

«ተነግሮናል ጋሼ» አለው አንዱ ሸማኔ፤ «እግራችን ነው ያልሰማው።»

ተሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነተኛ ጎርፍ ቢሆን ኖሮ በጥሩምባዬ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ውሃ ውስጥ ልከተው ነበር። እማማ ደስታንም የሚያወጣቸው አይኖርም ነበር።

ከእንግዶቹ ዑስማን የሚባለው ሱዳናዊ መተማ ነግዶ ስለኖረ አማርኛ ይችላል። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አባባ፣ በእኛ መንደር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ብረት አለ» አለኝ። «ለሰርግ አይመታ፣ ለሞት አይመታ። ወንዝ ሲሞላ ብቻ። ሁለት ሥራ ያለው ድምፅ ሰው ያሳስታል።»

በማግስቱ ጎሚስታ ቤት ሄጄ አሮጌ ቸርኬ ለመንኩ። ዳኛው «ጥሩምባ እያለን የመኪና ብረት?» ብሎ አንገራገረ። በየስብሰባው አነሳሁት። ጭቅጭቅ እንደማልወድ ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ጨቀጨቅሁ። በመጨረሻ ቸርኬው ባህር ዛፍ ላይ ተሰቀለ፣ በየወሩ ሽቅብ መውጣት ተለማመድን፣ እማማ ደስታን የሚሸከሙ አራት ጎረምሶችም ተመደቡ።

ከዑስማን ጋር ደግሞ ሌላ ውል ነበረን። በእንጦጦ ጀርባ የሚዘንበው ወደ ዓባይ፣ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ በፊቱ የሚዘንበው ወደ እኛ ይወርዳል። አንድ ደመና ለሁለት መሆኑ ነው። ተራራው ሲጠቁር እደውልለታለሁ። የእሱ መሥሪያ ቤት ስንት መሣሪያ አለው፤ የእኔ መሣሪያ ጉልበቴ ነው፣ ዝናብ ሳይመጣ ይቆረጥመኛል። ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ ንቆኝ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ የቡሄ ዕለት ከሰዓት፣ ወንዙ ገነፈለ። ቸርኬውን ክንዴ እስኪዝል መታሁት። ሰዉ ወጣ፤ ነጠላ ያዘቀዘቀ አልነበረም። አራቱ ጎረምሶች በችኮላ ያገኙት የእድሩን ቃሬዛ ነበር፤ እማማ ደስታ በዚያው ላይ ሆነው፣ «ይሄም ልምምድ ነው በሉኝ» እያሉ ወጡ። የበላይነሽን ቤት ውሃው እስከ ግማሹ ድረስ ሞላው። ቤት ነው፤ ይታጠባል።

በማግስቱ ለዑስማን ደውዬ ነገርኩት። «ብረቱ ተናገረ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወንዛቸው እየሞላ መሆኑን፣ ልጆቹንና ከብቱን ወደ ከፍታ እያወጣ መሆኑን ነገረኝ። «ስማው አባባ» ብሎ ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋልኝ።

አሁንም ተራራው በጠቆረ ቁጥር እደውላለሁ፤ አይነሳም። ነገም እደውላለሁ። ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን የቡሄ ማግስት ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ የመንደራቸው ብረት ገና እየተመታ ነበር።