ያልተከራከረኝ ገዢ

እንደ «እሺ» የሚያስፈራ ቃል በዓለም ላይ የለም! «እምቢ»ን ለምደነዋል። «ኧረ ዋጋው አይቀመስም!» ብሎ ጥሎ የሚሄድ ገዢ የራሳችን ሰው ነው። ሦስት እርምጃ ሳይራመድ እንደምትጠሩት ያውቃል፤ እናንተም እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ዋጋ ሲነገረው ቀጥታ «እሺ» የሚል ሰው ግን... አላህ ያውጣችሁ!

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኒው አልባኒ ከሚባለው ከተማ ወዲያ ባዶ መሬት ነበረችኝ። ቤት እሠራባታለሁ ብዬ ገዝቻት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራሁባት ነገር ቢኖር ሣር ማጨድ ነው። ባለቤቴ ዘይነብ ደግሞ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አንድ ልብስ መደብር ውስጥ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ስምንት ዓመቷ። በዚህ ሰመር ቤክስሊ ሰፈር አጠገብ ለስፌት የምትሆን ትንሽ ሱቅ አገኘች። አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊይዝላት ቃል ገባ። «መሬቷን እንሽጥና ሱቄን ልክፈት» አለችኝ፤ እኔም ተስማማሁ።

«በል መሬት የሚያሻሽጥ ኤጀንት ኮል አድርግ» አለችኝ።

«የገዛ መሬቴን ለመሸጥ ኮሚሽን ልከፍል? እኔ እኮ መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ!»

«ከመርካቶ ስትወጣ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር» አለች። እንዲህ ያለውን ነገር አትረሳም።

«በባለቤቱ የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ገዝቼ ተከልኩ። ዋጋውን ስቆርጥ ታዲያ ለክርክር የሚሆን አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ጨመርኩበት። ምን ላድርግ? ገዢው ይቀንሳል፣ እኔ እምላለሁ፣ እሱ ይኮርፋል፣ እኔ እጠራዋለሁ... ወጉ እንዲህ አይደል?

ቅዳሜ ዕለት ግሬግ የሚባል ጡረተኛ ፈረንጅ ደውሎልኝ መጣ። ቤቱ ከመሬቷ ብዙም አይርቅም። አንዴ ዞር ዞር ብሎ አያትና ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«እሺ» አለ።

«እሺ ማለት?»

«እገዛዋለሁ።»

ሰው እንዴት «ተወደደ» እንኳን አይልም? አብራኝ የመጣችው ልጄ ሂክማ እጄን ትጎትተኛለች። «ዳድ፣ ሂ ሴድ የስ!»

«ዝም በይ! ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።»

ነዳጅ ይሆን? አጠገቧ ፋብሪካ ሊተከል ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! «ይቅርታ፣ ዋጋው ጨምሯል» አልኩት።

«መቼ?»

«አሁን።»

ግሬግ ትኩር ብሎ አየኝና «ጉድ ለክ» ብሎኝ ሄደ። እኔ እርምጃውን እቆጥራለሁ። ሦስት... አራት... ሰባት... ፒክአፑን አስነስቶ ውልቅ! ወላሂ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ መንገድ ጠፍቶት ከጠየቀኝ አንድ ሾፌር በቀር ሰው አልመጣም። የወሩ መጨረሻ ተቃረበ። ግሬግ ጋ ብደውል ብደውል አያነሳም። ዘይነብ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለሱቋ የሰፋችውን መጋረጃ እጥፍጥፍ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

እና ምን አደረግኩ? የአገሬ ሰው ሲያጠፋ የሚያደርገውን... ሽማግሌ ላክሁ! ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁት ሀጂ ይማም ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የግሬግ በረንዳ ላይ ቆሙ። እኔ አጥፊው ከኋላ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ግሬግ በሩን ከፈተ። «አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖት አለኝ» አለ።

«ለሃይማኖት አልመጣንም» አሉት ሀጂ ይማም። «ልጃችን አስቀይሞሃል። አስቀድመህ እሺ በለን።»

«ምኑን?»

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም!»

ወንበር አመጣ፤ አልተቀመጡም። ሚስቱ ውኃ አመጣች፤ አልጠጡም። ሦስት አዛውንት ፀሐይ ላይ ቆመው ሲያይ ሰውዬው ላብ አጠመቀው። «እሺ! ምንም ይሁን፣ እሺ! ብቻ ተቀመጡልኝ!»

ተቀመጡ። መረቁት። ይቅርታ ጠይቅ ተባልኩ፣ ጠየቅሁ። «በመጀመሪያው ዋጋ ይውሰዳት» አልኩ። ግሬግም «እሺ» አለ። እዚህ ላይ እኮ አልቆ ነበር! ግን ሽማግሌ ምንም ሳያስቀንስ ከተነሳ ምኑን ሽማግሌ ሆነ?

«በል እንግዲህ» አሉኝ ሀጂ ይማም፣ «ለኛ ስትል ቀንስለት።»

«ሀጂ! ሰውዬው እሺ ብሏል እኮ!»

«እሱማ ጨዋ ነው! አንተስ? በባዶ እጃችን ልትመልሰን ነው?»

ግሬግ ግራ ገብቶት «እኔ ቀንስልኝ አላልኩም...» ሲል ሀጂ በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። «አንተ ዝም በል፤ ይሄ የኛ ጉዳይ ነው!»

አሥር ሺህ ቀነስኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሳቸውን ሰማህ፣ የኔስ?» ሌላ አሥር። ሦስተኛው ቃል አልተነፈሱም፤ ከዘራቸውን ብቻ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ምን ላርግ... እሳቸውንም አከበርኳቸው።

ኤጀንት ብይዝ ኖሮ የኮሚሽኑ ኪሳራ ከዚህ ባነሰ ነበር። ቤት ገብቼ ለዘይነብ ስነግራት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ሒሳቡን ትሠራ ጀመር። የመሬቷ የባንክ ዕዳ ተከፍሎ የሚቀረው ብር የሱቁን ኪራይ እንደማይሸፍን ሁለታችንም ገብቶናል።

በመጨረሻ ቀና ብላ «ሀጂ ይማም የሚመቻቸው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ምን ሊያደርጉልሽ?»

«የሱቁ አከራይ ጋ ልወስዳቸው ነዋ! የሚያስቀንሱ ከሆነ ሲሸጡ ሳይሆን ሲከራዩ ነው የሚላኩት፣ አንተ ሞኝ!»

ሐሙስ ዕለት ሦስቱን ይዛ ገባች። አንድ ሰዓት እንኳን አልቆዩም። ዘይነብ ቁልፉን እያንቃጨለች ወጣች። ኪራዩ ቀንሷል፤ አከራዩ ግድግዳውንም ራሱ ሊቀባላት ቃል ገብቷል። ከደስታዋ የተነሳ ለሀጂ ይማም እልል አለችላቸው።

«አንተስ የት ነበርክ?» አትሉኝም? መኪና ውስጥ። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ አፍህን እንዳትከፍት!» ብላ መስኮቱን ሳይቀር ዘግታብኝ ነው የገባችው።